ከወልወል እስከ ዱረስ፦ ኃያላኑ ወረራን እያዩ ያለፉባቸው ዓመታት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መቼ ተጀመረ ብንባል ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት እንደተማርነው “ጀርመን ፖላንድን የወረረች ዕለት፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939” ብለን እንመልሳለን። መልሱ ለአውሮፓ ሰው ትክክል ነው። ለቻይናው፣ ለሊቢያው እና ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን እሳቱ ቤታችን የገባው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ጎረቤት ሁሉ ጭሱን አይቷል። ውኃ ይዞ የመጣ ግን አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ ከ1931 እስከ 1939 የነበሩትን ዓመታት፣ በተለይም ፋሽስት ጣሊያን በአገራችን ላይ የፈጸመችውን ወረራ እና ወረራውን ያስቆማል ተብሎ የነበረው ዲፕሎማሲ እንዴት እንደከሸፈ እንመለከታለን። ጉዳዩ እኛን በሁለት በኩል ይመለከተናል፤ እንደ ኢትዮጵያዊነታችንም እንደ ሙስሊምነታችንም። ምክንያቱም በሊቢያ ሙስሊሞችን ሲጨርስ የነበረው ያው ሠራዊት ወደ እኛ ሲመጣ “የእስልምና ጠባቂ ነኝ” ብሎ ነው የመጣው። ቀኖቹን በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን፤ አገራችንን የሚመለከቱትን ታላላቅ ቀኖች በራሳችን አቆጣጠር እንጨምርባቸዋለን።

አንድ ሳምንት በ1931

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 ከቤንጋዚ በስተደቡብ በምትገኘው ሱሉቅ የጣሊያን ጦር ሸይኽ ዑመር አል-ሙኽታርን በስቅላት ገደለ። አላህ ይዘንላቸውና ሸይኹ ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ የቁርኣን መምህር ነበሩ። በፈረስ ሆነው ሲዋጉ ተይዘው፣ የይስሙላ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ በተያዙ በአምስተኛው ቀን ተሰቀሉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሊቢያውያን እስረኞችም ስቅላቱን ቆመው እንዲያዩ ተገደዱ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጀበል አል-አኽደር ሕዝብ፣ ወደ 100,000 የሚጠጋ ወንድ፣ ሴትና ሕፃን፣ ከነከብቱ ከመንደሩ ተነቅሎ በበረሃ ውስጥ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ታጉሮ ነበር። በረሃብና በበሽታ ያለቀው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ከግብፅ በኩል ስንቅና መሣሪያ እንዳይገባም ከባሕሩ ዳርቻ ተነስቶ ወደ በረሃው የሚዘልቅ ወደ 270 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእሾህ ሽቦ አጥር ተዘረጋ። ይህን ያስፈጸሙት የሊቢያ ገዥ የነበረው ፒየትሮ ባዶሊዮ እና ምክትሉ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ናቸው። አንባቢ እነዚህን ሁለት ስሞች ይያዝልን። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም እኛ ዘንድ እናገኛቸዋለን።

በሙስሊሙ ዓለም ታላቅ ቁጣ ተነሳ። የመንግሥታቱ ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) ግን ሊቢያን ጉዳዬ አላላትም። ቅኝ ግዛት ነበረችና፣ በቅኝ ግዛት ውስጥ የሚሆነው ነገር በዚያ ዘመን ሕግ የገዥው “የቤት ጉዳይ” ነበር።

ሸይኹ በተሰቀሉ በሁለተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 18፣ በሌላው የዓለም ጫፍ የጃፓን መኮንኖች ሙክደን በምትባል የማንቹሪያ ከተማ አጠገብ ራሳቸው በሚጠብቁት የባቡር ሐዲድ ላይ ፈንጂ አፈነዱ። ጥፋቱን በቻይናውያን ላይ ላከኩና ማንቹሪያን ያዙ። ቻይና የማኅበሩ አባል ስለነበረች ይህኛውን ጉዳይ እንደ ሊቢያው ማለፍ አልተቻለም። ማኅበሩ በእንግሊዛዊው ሎርድ ሊተን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ላከ። ሪፖርቱ እስኪወጣ ግን አንድ ዓመት አለፈ፤ እስከዚያ ጃፓን ማንቹሪያን አሻንጉሊት መንግሥት አቋቁማበት ጨርሳለች። በፌብሩዋሪ 1933 ጉባኤው ሪፖርቱን በ42 ድምፅ ሲያጸድቅ የተቃወመችው ራሷ ጃፓን ብቻ ነበረች። ልዑኳ ከአዳራሹ ወጥቶ ሄደ፣ አገሪቱም ከማኅበሩ ወጣች። ማዕቀብ የለ፣ ቅጣት የለ። ሮም ውስጥ ቤኒቶ ሙሶሊኒ ይህን ሁሉ በጥሞና ይከታተል ነበር።

የወልወል ውኃ

ወልወል በኦጋዴን በረሃ ውስጥ የሚገኝ የውኃ ጉድጓዶች ስፍራ ነው፤ የአካባቢው ሶማሌ አርብቶ አደሮች ከጥንት ጀምሮ ግመሎቻቸውን የሚያጠጡበት። ጣሊያን በራሷ በታተሙ ካርታዎች ላይ ሳይቀር በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ የሚታይ ቦታ ነበር። ሆኖም የጣሊያን ሶማሊያ ወታደሮች ቀስ በቀስ ገብተው ምሽግ ሠርተውበት ነበር። በኖቬምበር 1934 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የጋራ ኮሚሽን የግጦሽና የድንበር ጉዳይ እያጠና እዚያ ሲደርስ ከጣሊያን ጦር ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። የእንግሊዙ ወገን “ነገር እንዳይባባስ” ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የኢትዮጵያ አጃቢ ጦር ግን “በገዛ አገሬ ወዴት እሸሻለሁ” ብሎ ቆመ።

ከቆሙት የጦር አለቆች መካከል ዑመር ሰመተር ይገኙበታል። ሶማሌ ሙስሊም ናቸው፤ ከዚያ በፊት በ1925 በጣሊያን ሶማሊያ ውስጥ በፋሽስቱ አገዛዝ ላይ አምፀው የተዋጉና ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ አርበኛ ነበሩ። ስለ ወልወል ሲወራ ስማቸው ብዙ ጊዜ ሲዘለል እናያለን፤ ለምን እንደሚዘለል አይገባንም።

ዲሴምበር 5 ቀን 1934 (ኅዳር 26 ቀን 1927) ተኩስ ተከፈተ። መጀመሪያ የተኮሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ጣሊያኖች አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና ነበራቸው፤ ከኢትዮጵያ ወገን ከመቶ በላይ ሰው ወደቀ። ከዚያ ሮም የጠየቀችው ነገር የሚገርም ነው፦ የሐረርጌው ገዥ ደጃዝማች ገብረ ማርያም ወልወል ድረስ መጥተው ይቅርታ ይጠይቁ፣ ለጣሊያን ባንዲራ ሰላምታ ይሰጥ፣ 200,000 ማርያ ቴሬዛ ብር ካሣ ይከፈል። ሰው ቤት ገብቶ የቤቱን ልጅ ደብድቦ ካሣ እንደመጠየቅ ነው።

ኢትዮጵያ በ1928 ሁለቱ አገሮች የፈረሙትን የወዳጅነትና የግልግል ውል አንስታ “በሽማግሌ እንዳኝ” አለች። ውሉ በግልጽ እንደዚያ ያዛል። ጣሊያን እምቢ አለች። ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 1935 ነገሩን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቀረበች። እኛ ያላወቅነው፣ ሙሶሊኒ ዲሴምበር 30 ቀን 1934 ለባለሥልጣኖቹ በምስጢር ባሰራጨው መመሪያ ዓላማው መላ ኢትዮጵያን መያዝ እንደሆነ ጽፎ ጨርሶ እንደነበር ነው። ጄኔቫ ላይ ስለ ውኃ ጉድጓድ ሲከራከሩ ምጽዋ ላይ መርከቦች መድፍ ያራግፉ ነበር። የግልግሉ ኮሚሽን በሴፕቴምበር 1935 “በወልወሉ ግጭት ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይደሉም” ብሎ ሲፈርድ ወረራው ሊጀመር አንድ ወር ብቻ ቀርቶት ነበር።

ዝምታ እንዴት እንደተሸጠ

ለምን ዝም ተባለ? እዚህ ላይ የዚያን ጊዜ አውሮፓ የነበረችበትን ፍርሃት መረዳት ያስፈልጋል። በጀርመን ሂትለር ሥልጣን ይዞ ነበር። ፈረንሳይ ከሁሉ በላይ የምትፈራው እሱን ነበር፤ ጣሊያንን ከጎኗ ለማቆም ስትል ማንኛውንም ዋጋ ለመክፈል ዝግጁ ነበረች፣ በተለይ ዋጋው ከሌላ ሰው ኪስ የሚከፈል ከሆነ። የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል በጃንዋሪ 7 ቀን 1935 ሮም ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ፈረመ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የኢኮኖሚ ጥቅም ነበር። በቃል የተባለው ግን በኢትዮጵያ ጉዳይ ፈረንሳይ እንደማትደናቀፍበት ነው። ሙሶሊኒ “እጄ ተፈታ” ብሎ ተረዳው፤ ላቫል በኋላ “እንደዚያ አላልኩም” አለ።

በኤፕሪል 1935 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስትሬዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተሰብስበው ጀርመንን በጋራ ለመቋቋም ተስማሙ። በመግለጫው ውስጥ ስለ ሰላም የሚናገረው ሐረግ ላይ ሙሶሊኒ “የአውሮፓ” የሚል ቃል እንዲጨመር አደረገ፤ የሚጠበቀው “የአውሮፓ ሰላም” ብቻ ሆነ ማለት ነው። የእንግሊዝ ልዑካን ቃሉን አይተው ዝም አሉ። ስለ አፍሪካ አንድም ሰው አልጠየቀም። ዲፕሎማሲ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ አገር የሚሸጠው በአንድ ቃል ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

እንግሊዝ በበኩሏ ጥቅሟን የሚመረምር የራሷን ኮሚሽን አቋቁማ ነበር። በጁን 1935 የቀረበው የማፊ ሪፖርት ጣሊያን ኢትዮጵያን ብትይዝ የሚጎዳ ወሳኝ የእንግሊዝ ጥቅም የለም አለ። ይህ የምስጢር ሰነድ በጣሊያን ሰላዮች እጅ ገባ። ስለዚህ በሴፕቴምበር 11 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ጄኔቫ ላይ “ወረራን በጋራ እንቋቋማለን” የሚል ንግግር አድርጎ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ ሙሶሊኒ የባለንግግሩን እውነተኛ ልብ በወረቀት ይዞ ነበር።

የዚያኑ ዓመት በጋ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም ብለው ነበር። ገለልተኝነት ይመስላል። ግን ጣሊያን የራሷ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ አላት፣ ኢትዮጵያ የላትም። እኩል የተዘጋ በር የሚጎዳው ውጭ ያለውን ነው። ለኢትዮጵያ በምስጢር ጠመንጃና ጥይት የላከው ማን ነበር ቢባል አንዱ ሂትለር ነበር! ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ ጣሊያን በአፍሪካ ተራሮች ውስጥ ተይዛ ስትቆይ እሱ ኦስትሪያ ላይ እጁን ለማሳረፍ ነው።

ማዕቀቡና የተተወው ዘይት

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 (መስከረም 22 ቀን 1928) የጣሊያን ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። በአራተኛው ቀን የማኅበሩ ምክር ቤት ጣሊያን ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ጦርነት ጀምራለች ብሎ ፈረደ። በጉባኤው ሃምሳ አገሮች ይህን ፍርድ ተቀበሉ። ያልተቀበሉት ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪ እና አልባኒያ ነበሩ፤ ሦስቱም በጣሊያን ጥላ ሥር የነበሩ ናቸው። አልባኒያ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም የሆነ ትንሽ የአውሮፓ አገር ናት። ወደ እሷ በመጨረሻ እንመለሳለን።

ማዕቀቡ ኖቬምበር 18 ሥራ ላይ ዋለ። ለጣሊያን መሣሪያ አይሸጥም፣ ብድር አይሰጥም፣ የጣሊያን ዕቃ አይገዛም። ወደ ጣሊያን እንዳይገቡ ከተከለከሉት ማዕድናት አንዱ አሉሚኒየም ነበር፤ ጣሊያን ከራሷ አልፎ የተረፋት ማዕድን ማለት ነው። ዘይት፣ ድንጋይ ከሰልና ብረት ግን ከዝርዝሩ ወጡ። ታንኩም፣ አውሮፕላኑም፣ ካሚዮኑም የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ነበር። ምክንያት ተብሎ የቀረበው የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካ ዘይት መሸጧን ትቀጥላለች የሚል ነው። አሜሪካኖቹ ነጋዴዎች በእርግጥም ሽያጫቸውን ጨመሩ። የማኅበሩ አባል የነበረችው ሶቪየት ኅብረትም መሸጧን አላቆመችም። በኋላ የሂትለር አስተርጓሚ እንደጻፈው፣ ሙሶሊኒ በ1938 ለሂትለር ማዕቀቡ ዘይትን ቢጨምር ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ይለኝ ነበር ብሎ ነግሮታል።

ስዊዝ ቦይስ? በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የጣሊያን ወታደር፣ በቅሎ፣ መድፍና የመርዝ ጋዝ በርሜል በዚያ ቦይ አለፈ። በቦይው ዳር የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮ ነበር። መርከቦቹ የማለፊያ ክፍያቸውን እየከፈሉ፣ ወታደሮቹ እየዘፈኑ ያልፉ ነበር። በ1888 የተፈረመው ውል ቦይው በጦርነት ጊዜም ለሁሉም ክፍት ነው ስለሚል መዝጋት አይቻልም ተባለ። ሕግ ለወራሪው ሲሆን ቃል በቃል ተጠበቀ፤ ለተወረረው የተጻፈው የማኅበሩ አንቀጽ 16 ግን በግማሽ ተሠራበት።

ግማሹ ማዕቀብ ያስከተለው ሌላ ነገር አለ። ጣሊያን ሳትጎዳ ተቆጣች። በዲሴምበር የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር ለመንግሥት እንዲሰጡ ተጠርተው በሰልፍ ሰጡ። በፋሽስቱ የማያምነው ጣሊያናዊ ጭምር “ዓለም ተነሳብን” ብሎ ከሙሶሊኒ ጀርባ ቆመ።

በዚያው ዲሴምበር ሆርና ላቫል ፓሪስ ላይ በምስጢር ተገናኝተው “የሰላም ዕቅድ” አወጡ። ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለጣሊያን ይሰጣል፣ ደቡቡ የጣሊያን የኢኮኖሚ ቀጠና ይሆናል፣ ለኢትዮጵያ ወደ ባሕር የሚያወጣ ቀጭን መተላለፊያ ይሰጣታል። ዕቅዱ አፈትልኮ በፈረንሳይ ጋዜጦች ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፤ ታይምስ ጋዜጣ መተላለፊያውን “የግመሎች መንገድ” ብሎ አላገጠበት። ሆር ዲሴምበር 18 ሥልጣኑን ለቀቀ፣ ላቫልም በሚቀጥለው ወር ወደቀ። ዕቅዱ ሞተ፤ ግን ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ቃል የሚያምን ትንሽ አገር አልነበረም። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ዳኞች ከከሳሹ ጀርባ ከተከሳሹ ጋር ሲዋዋሉ ተይዘዋልና።

በጦር ሜዳ ባዶሊዮ የሰሜኑን፣ ግራዚያኒ የደቡቡን ጦር ይመሩ ነበር። የሊቢያዎቹ ሁለት ሰዎች ማለት ነው። ጣሊያን ራሷ የፈረመችውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ጥሳ በሙሶሊኒ ፈቃድ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበች፤ በወንዝ፣ በከብትና በገበሬ ላይ። በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን ነገር በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ።

“የእስልምና ሰይፍ”

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንግባ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሙስሊም በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ይታይ እንደነበር፣ በመሬትና በሹመት ይገፋ እንደነበር መሸፋፈን አያስፈልግም። ፋሽስቱ ይህን ቁስል አጥንቶ ነበር። ከያዘ በኋላ መስጂድ አሠራ፣ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ፈቀደ፣ ሐጃጆችን በራሱ ወጪ ወደ መካ ላከ። ብዙ አባቶቻችን በዚያ ጊዜ አንገታቸውን ቀና አድርገው ሄዱ፤ በዚህ አንወቅሳቸውም። በነጻነት መስገድን የፈለገ ሰው አገሩን ሸጠ አይባልም። ይህን ሰበብ አድርገው ሙስሊሙን በጅምላ “ባንዳ” የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ባንዳ ከየእምነቱ ነበር፣ አርበኛም ከየእምነቱ ነበር።

ወልወል ላይ የቆሙትን ዑመር ሰመተርን ጠቅሰናል። በኦጋዴን ግንባር የራስ ነሲቡን ምሽግ ያቀደው ወሂብ ፓሻ የሚባል ቱርካዊ ሙስሊም ጄኔራል ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦቶማን ጦር አዛዥ የነበረ። በግብፅ ሙስሊሙና ኮፕቱ በአንድ ኮሚቴ ሆነው ለኢትዮጵያ ዕርዳታ አሰባሰቡ፤ የግብፅ ቀይ ጨረቃም ሐኪሞቹን ወደ ሐረር ላከ። ብዙ የግብፅ ጸሐፊዎች ነጃሺ ሶሓቦችን ያስጠጋባት አገር ስትወረር ዝም አንልም ብለው ጻፉ።

የዐረቡ ዓለም ግን በአንድ ድምፅ አልተናገረም። በ1931 ስለ ሊቢያ ሰቆቃ ከማንም በላይ የጮኸው ታዋቂው ጸሐፊ አሚር ሸኪብ አርሰላን፣ በ1934 ሙሶሊኒን ካገኘ በኋላ የኢትዮጵያን ሙስሊሞች በደል እየጠቀሰ ለጣሊያን የሚከራከር ሆነ። የጠቀሰው በደል ሐሰት አልነበረም። ግን በደሉን እንደ በትር ያነሳው እጅ የማን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ያኔም ብዙ ዐረቦች ይህን ፊት ለፊት ነግረውታል።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይህ ነው። በኤፕሪል 1936 በኦጋዴን ከግራዚያኒ ጦር ጋር የተሰለፈ ከሊቢያ የመጣ አንድ ክፍለ ጦር ነበር። አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው በካምፕ ያለቁ ሊቢያውያን፣ በዚያው በጨረሳቸው ጄኔራል ትእዛዝ የኢትዮጵያን ወታደር፣ በውስጡም ሙስሊሙን፣ እንዲገድሉ ተላኩ።

የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ፣ በማርች 1937፣ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ሄዶ በፈረስ ላይ ሆኖ “የእስልምና ሰይፍ” የተባለ በወርቅ ያጌጠ ሰይፍ ተቀበለ፣ የሙስሊሞች ጠባቂ መሆኑንም አወጀ። ሰይፉ የተሠራው ፍሎረንስ ውስጥ ነው። የእስልምና ሰይፍ ተብሎ ከጣሊያን ወርቅ አንጣሪ ታዞ መጣ።

የጄኔቫው አዳራሽ

ንጉሠ ነገሥቱ ማይጨው ላይ ከተሸነፉ በኋላ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ጣሊያኖች በሦስተኛው ቀን ገቡ። ጁን 30 ቀን 1936 (ሰኔ 23 ቀን 1928) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫው ጉባኤ ፊት በአማርኛ ለመናገር ሲቆሙ ጣሊያናውያን ጋዜጠኞች ከሰገነቱ ፉጨት ለቀቁባቸው። የሮማኒያው ልዑክ ቲቱሌስኩ ተነስቶ “እነዚህን አረመኔዎች አስወጡ” ብሎ ጮኸ። የንጉሡ አገዛዝ ለሙስሊሙ ምን እንደነበረ እናውቃለን፤ የዚያ ቀን ንግግራቸው ግን የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ትንንሽ አገሮች በማኅበሩ ቃል ተማምነው መኖር ይችላሉ ወይስ አይችሉም?

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። ጁላይ 4 ጉባኤው ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ። በዋዜማው ስቴፋን ሉክስ የሚባል አይሁዳዊ ጋዜጠኛ በጀርመን ያሉ አይሁዶች ለደረሰባቸው ግፍ ትኩረት ለመሳብ በዚያው ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ራሱን ተኩሶ ገድሎ ነበር። ስብሰባው ቀጠለ።

ይህን ሁሉ ሂትለርም ያይ ነበር። ዓለም በኢትዮጵያ ጉዳይ ተጠምዶ ሳለ፣ ማርች 7 ቀን 1936፣ ጦር እንዳይገባበት በውል ወደተከለከለው ራይንላንድ ወታደሮቹን አስገባ። ፈረንሳይ እንግሊዝን ተመለከተች፣ እንግሊዝ ፈረንሳይን ተመለከተች፣ ሁለቱም ወረቀት ጻፉ። ጣሊያን ልታግዛቸው አልቻለችም፤ ማዕቀብ የጣሉባት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ኢትዮጵያን የሸጡበት ዋጋ፣ የጣሊያን ወዳጅነት፣ በእጃቸው አልገባም። በኦክቶበር 1936 ሮምና በርሊን ተስማሙ፤ ሙሶሊኒም ከጥቂት ቀን በኋላ “አክሲስ” የሚለውን ቃል በአደባባይ ተጠቀመበት። በ1934 ሂትለር ኦስትሪያን እንዳይነካ ጦሩን ድንበር ላይ ያሰለፈው ሙሶሊኒ በማርች 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ስትውጥ እጁን አጣጥፎ ተመለከተ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይታወቃል። በሜይ 1938 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ እንደገና ቀርበው የጣሊያን ይዞታ እንዳይታወቅ ለመኑ። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሎርድ ሃሊፋክስ ፍትሕና ሰላም ሲጋጩ ሰላምን መምረጥ ይሻላል በሚል መንፈስ ተከራከረ። በሴፕቴምበር ሙኒክ ላይ ቼኮዝሎቫኪያ ራሷ ሳትጠራ ተቆረሰች። በኖቬምበር እንግሊዝ የጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መሆኑን በይፋ አወቀች። ሜክሲኮ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ቻይና፣ አሜሪካና ኒውዚላንድ እስከ መጨረሻው አላወቁም፤ እነዚህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

አልባኒያና የቦይው መዘጋት

ወደ አልባኒያ እንመለስ። በ1935 ከሃምሳ አገሮች ተለይታ ለጣሊያን የቆመችው ይህች አገር ንጉሥዋ ዞግ የሚባል ሙስሊም ነበር። ባንኩ የጣሊያን፣ ዘይቱ የጣሊያን፣ የጦር አሠልጣኙ የጣሊያን። ጣሊያንን ማስቀየም የማይታሰብ ነበር። በኤፕሪል 5 ቀን 1939 ንግሥቲቱ ወንድ ልጅ ወለደች። በሁለተኛው ቀን፣ ዓርብ ኤፕሪል 7፣ የጣሊያን የጦር መርከቦች የዱረስን ወደብ መድፍ ተኩሰውበት ወታደር አራገፉ። ንጉሡ አራሷን ሚስቱንና የሁለት ቀን ሕፃኑን ይዞ ወደ ግሪክ ሸሸ። ልክ እንደ ኢትዮጵያው፣ የአልባኒያም ዘውድ በሮማው ንጉሥ ራስ ላይ ተጫነ። “የእስልምና ጠባቂው” የአውሮፓን ሙስሊም አገር ያዘ። ጄኔቫ ላይ ለአልባኒያ የሚጮኽላት አልተገኘም።

ከአምስት ወር በኋላ ፖላንድ ተወረረች። ጣሊያን ጥቂት ጊዜ ቆይታ፣ ፈረንሳይ ልትወድቅ ስትል፣ ጁን 10 ቀን 1940 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀች። ያን ጊዜ “በውል ምክንያት አይዘጋም” የተባለው ስዊዝ ቦይ ለጣሊያን መርከቦች ተዘጋ። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ የነበረው የጣሊያን ሠራዊት ከአገሩ ተቆረጠ፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ፣ አዲስ አውሮፕላን እንደ ልብ አልደረሰውም። አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው ሲዋጉ የቆዩት አርበኞቻችን ከውስጥ፣ የእንግሊዝ ጦር ከውጭ ገጠሙት። ጦርነቱ በታወጀ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፤ ባዶሊዮ በገባባት ዕለት፣ በአምስተኛው ዓመት።